ፓምፔ የተወሰደበት ሳምንት

ሰኞ

የውሃ መሳቢያ ፓምፔን ወሰዱት። ችግኞቹን ላጠጣ ሞተሩን ሳስነሳ ሁለት የውሃ መሥሪያ ቤት ሰዎች መጥተው አጠገቤ ቆሙ። ፈቃድ ጠየቁኝ። የለኝም። ከወንዝ በሞተር ለመሳብ ፈቃድ እንደሚያስፈልግ አውቃለሁ፤ ዛሬ ነገ ስል ቆየሁ። ፍርድ ቤት ትቀርቢያለሽ አሉኝ። ቅጣት ነው፣ ባስ ካለም እስር።

እሺ፣ አጥፍቻለሁ። ግን ወንዙ እኮ ቁርጭምጭሚት አይደርስም። ከላይ ያለው ቪላ በድንጋይ ገድቦ ለግቢው ኩሬ ሠርቶበታል። "እሱንስ?" አልኳቸው። ፓምፔን ፒካፕ ላይ ጭነው ሄዱ።

ማክሰኞ

በጀሪካን ሳመላልስ ወገቤ ተቆረጠ። አቮካዶው ይችለዋል፤ ፓፓያው ጠውልጓል።

ጋሽ ተስፋይ ከጎኔ ሱኩማ የሚባለውን ጎመን ይተክላሉ። የአስመራ ሰው ናቸው፣ አማርኛቸው ከእኔ ይጠራል። "አርፈሽ ቅጣትሽን ተቀበይ። እኛ እዚህ ሰው አገር እንግዶች ነን" አሉኝ። ተናደድኩ። እንግዳ ውሃ አይጠማውም?

ከሰዓት በማታቱ፣ በሚኒባስ ታክሲ፣ መሃል ከተማ ወዳለው መሥሪያ ቤታቸው ወረድኩ። ፓምፔን ከወሰዱት አንዱ፣ ኦፊሰር ሙቱዋ፣ ጠረጴዛው ላይ ነበር። ስለ ራስሽ ነው ወይስ ስለ ሌላ ሰው የመጣሽው አለኝ። "ስለ ሁለቱም። ጥፋቷን አምናለች ብለህ ጻፍ፤ ቪላው ወንዙን ዘግቷል ብላ ከሳለችም ብለህ ጻፍ።" ጻፈ።

ረቡዕ

የቪላው ሥራ አስኪያጅ ሻምባዬ፣ ማሳዬ ድረስ መጣ። ሰፈሩ እንደሚጠራኝ በልጄ ስም ጠራኝ። "ማማ ሊያ፣ ፖሌ፣ አዝናለሁ ስለ ፓምፑ። ክስሽን ብትተዪ እኔ አስመልስልሻለሁ።" ቀጥሎ የመኖሪያ ፈቃዴን ነገር አነሳ። የሚታደስበት ጊዜ መድረሱን ማን እንደነገረው እንጃ።

ፈራሁ፤ እዚህ ደብተሬ ላይ እንኳ ልዋሽ አልችልም። ጀሪካኔን አንስቼ "ውሃ ልቀዳ ነው፣ መንገዱን ልቀቅልኝ" አልኩት።

ጋሽ ተስፋይ ሱኩማቸው መሃል ሆነው ሁሉንም ሰምተዋል። ሰውዬው ሲሄድ "እንዲህማ ከሆነ ምስክርሽ እኔ ነኝ" አሉ። ስለ እንግድነት ደግመው አላነሱም።

ሐሙስ

ለሙቱዋ ደጋግሜ ደወልኩ። በመጨረሻ አነሳው። መኪና የለንም አለ። እኔን ለመያዝ መኪና ነበራችሁ አልኩት። ነገ እመጣለሁ ብሎ ዘጋው።

አላመንኩትም።

ዓርብ

መጣ! ወንዙን ይዘን በእግር ወጣን፦ ሙቱዋ፣ ጋሽ ተስፋይ፣ እኔ፣ ታች ልብስ የሚያጥቡ ሴቶችም ተከተሉን። ዘበኛው አላስገባም አለ፤ ሙቱዋ መታወቂያውን አሳይቶ ገባ።

ሥራ አስኪያጁ ፈቃድ አለን ብሎ ወረቀት አወጣ። ሙቱዋ አነበበው። "መቅዳት ተፈቅዶላችኋል። መገደብ ግን አልተፈቀደም።" ቆሞ የድንጋይ ግድቡን አስከፈተ። እነሱም ሰኞ ፍርድ ቤት ይቀርባሉ።

"ፓምፔስ?" አልኩት።

"ያንቺ ክስ እንዳለ ነው።"

"አውቃለሁ። እኔንም በዚያው ቀን፣ በዚያው ችሎት አቅርበኝ።" ሰኞ ብሎ መዘገበኝ።

ቅዳሜ

ወንዙ ደፍርሶ ወረደ፣ ቅጠልና ጭቃ ይዞ። ሴቶቹ እስኪጠራ ቁጭ ብለው ይጠብቃሉ። ከፓፓያዎቹ ግማሹ አይተርፍም።

የመኖሪያ ፈቃዴ ነገር እንቅልፍ ይነሳኛል። ዳኛው ምን እንደሚፈርድብኝም አላውቅም። ጋሽ ተስፋይ ለሰኞው ምስክርነት የክት ኮታቸውን አስተኩሰዋል።

ጥፋተኛ ነኝ እላለሁ። ተቀመጪ ሲሉኝ ግን አልቀመጥም፤ ስለ ወንዙ ገና የምናገረው አለኝ።