በተራ ቁጥር አንድ

ሰኞ፣ ጥቅምት 11

ምንም አዲስ ነገር የለም። ፊዚክስ ከሃያ አሥራ አንድ። መምህሩ "ወንጌላዊት፣ ጭንቅላትሽ ስለት ነው፤ ከሰገባው አልወጣ አለ እንጂ" አሉኝ። "እንዳይዝግ ነው መምህር" አልኩ። ከክፍል ወጣሁ። በፈቃዴ አይደለም።

ቤት ስገባ እማዬ ጠዋት እንደተውኳት ናት። ጠረጴዛው በወረቀት ተሸፍኗል። ምሳ የለም። ዩኒቨርሲቲው ለመምህራኑ የምርምር ጥሪ አውጥቷል። ያሸነፈ ጥናት በጀት ያገኛል። ዋናው ተመራማሪ ደግሞ አንድ ዓመት ሙሉ አያስተምርም... የምርምር ፈቃድ ይሉታል። እማዬ የአፈር ሳይንስ ስታስተምር ስምንት ዓመቷ ነው፤ በሴሚስተር አራት ኮርስ። በስምንት ዓመት ውስጥ የነካችው አፈር ግን ጫማዋ ላይ ያለው ብቻ ይመስለኛል።

ጥናቱ ከደብረ ማርቆስ ወጣ ብሎ አምበር ያለው የአባባ መሬት ላይ ነው። አባባ በላቸው፣ የእማዬ አባት። መሬታቸው ኮምጥጧል። ገብሱ ይበቅልና ቢጫ ሆኖ እዚያው ይቀራል። አምና "ዘሬን እንኳ አልመለሰልኝም" አሉ። ጎረቤቶቻቸው ባሕር ዛፍ ተክለው ተገላገሉ። እማዬ ግን በኖራ ይድናል ትላለች። ኖራው ዘር ከመግባቱ በፊት ከአፈሩ ጋር መቀላቀል አለበት፤ ከዚያ እየተመላለሱ መለካት፣ መመዝገብ፣ መጠበቅ... አራት ኮርስ ተሸክሞ እንዴት ይሆናል? ዓመቱን የፈለገችው ለዚህ ነው።

አባባ ደግሞ ቀን ቆርጠዋል። "እስከ ሐምሌ ሚካኤል እጠብቅሻለሁ ሥራነሽ። ከዚያ ወዲያ እኔም ባሕር ዛፌን እተክላለሁ።" ባሕር ዛፍ ከገባ በኋላ ያንን ሥር ማን ይነቅለዋል? እማዬ የተወለደችው እዚያ ነው።

አባዬ ሥራው ባሕር ዳር ነው፤ መንገድ ሲከፈት ይመጣል። ስለዚህ ምሳ የሚሠራው ማነው? ገባኝ።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 20

አለቀ። የተየብኩት እኔ ነኝ። እማዬ በአንድ ጣት ነው የምትተይበው፤ ያም ጣት ፊደሉን ሲፈልግ በሬ የጠፋው ገበሬ ይመስላል።

የመጀመሪያው ገጽ ላይ የተመራማሪዎቹ ስም። ተራ ቁጥር 1፦ ዶክተር አካለ ወልድ። ተራ ቁጥር 2፦ እማዬ።

"እሳቸው ምን ሠሩ?"

"አንብበውልኛል።"

"አንብበው?"

"ነጠላ ሰረዝ ጨመሩልኝ።"

"ስንት?"

"ወንጌል!"

አስተማሪዋ ናቸው። ከሳቸው በላይ ስሟን ብትጽፍ ሰው ምን ይላታል? ታላቅን አስከትላ ልትሄድ ነው? እዚህ አገር ወረቀትም ታላቅና ታናሽ አለው።

ገጽ ዘጠኝ ላይ በደቃቅ ፊደል የተጻፈ አገኘሁ። ጮክ ብዬ አነበብኩላት፦ "በተራ ቁጥር አንድ የሰፈረው ዋና ተመራማሪ ይሆናል።"

"እሱ ለወግ ነው" አለች። "ሥራው የኔ መሆኑን ያውቃሉ። ፈቃዱን ይተዉልኛል።"

"ነግረሻቸዋል?"

"ይሄ ይነገራል እንዴ?"

ማታ እኔና እሷ ልናስፈርማቸው ቤታቸው ሄድን። ዶክተር አካለ ወልድ ሰላምታቸው ብቻ ሃያ ደቂቃ ይፈጃል። ስለ አባባ፣ ስለ ከብቶቹ፣ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ጉልበታቸው። ከዚያ ወረቀቱን አዩ።

"የለም የለም። ሥራው ያንቺ ነው፣ ስምሽን አስቀድሚ።"

"ኧረ ጋሼ፣ እርስዎ እያሉ!"

"በሞቴ ሥራነሽ።"

"እኔን ያስቀድመኝ! አይሆንም።"

"እንግዲህ... ካልሽ።" ፈረሙ።

ቆሎ እየበላሁ ፊታቸውን አየሁ። ከልባቸው ነው የተግደረደሩት? ሽማግሌ ሲግደረደር እውነቱን የሚለይ መሣሪያ ገና አልተሠራም። ዩኒቨርሲቲው እሱን ቢመራመር ይሻል ነበር።

ሐሙስ፣ ጥር 15

አለፈ!!! ከአርባ ሁለት ጥናት አራት ብቻ አለፉ፤ አንዱ የእማዬ። አልጋ ላይ ወጥታ ዘለለች። አርባ አንድ ዓመቷ ነው። የአልጋውን እግር ሰበረችው። ለአባባ ደወለች፤ ኔትወርክ የለም። ስትደውል አመሸች።

ሰኞ፣ የካቲት 3

ደብዳቤው መጣ። "ለዶክተር አካለ ወልድ፦ ከየካቲት 15 ጀምሮ ለአንድ ዓመት የምርምር ፈቃድ የተሰጠዎት መሆኑን እንገልጻለን።" ከታች ግልባጭ፦ ለመምህርት ሥራነሽ በላቸው።

ግልባጭ። ስምንት ዓመት ጠብቃ ግልባጭ ደረሳት።

ምርምር ቢሮ ሄደች። ኃላፊው ጨዋ ሰው ናቸው አለች። "ሕጉ ይኸው ነው እህቴ። ግን እሳቸው ለእርስዎ እንደለቀቁ አንድ መስመር ጽፈው ካስገቡ ዛሬውኑ ይለወጣል።"

አንድ መስመር!

"ደውይላቸዋ።"

"ራሳቸው ያስቡታል።"

"ካላሰቡትስ?"

የተማሪ ወረቀት ማረም ጀመረች።

ቅዳሜ፣ የካቲት 15

አላሰቡትም።

ማክሰኞ፣ የካቲት 25

እማዬ ልትነግራቸው ቆረጠች። ጠዋት መስታወት ፊት ስትለማመድ ሰማኋት። "ጋሼ፣ ያ ፈቃድ... ጋሼ፣ ይቅርታና..." ማታ መጣች።

"ነገርኳቸው።"

"ምን አልሻቸው?"

"'የአባቴ መሬት እንዴት ይሻል ይሆን ጋሼ?' አልኳቸው።"

"ይሄ መንገር ነው?"

"ገብቷቸዋል።"

"ምን አሉ?"

"'እግዚአብሔር ያውቃል' አሉ።"

እግዚአብሔርማ ያውቃል። የማያውቀው ምርምር ቢሮው ነው።

እሑድ፣ መጋቢት 14

ሄድኩ። ብቻዬን። እማዬ ብታውቅ ትገድለኛለች።

ዶክተር አካለ ወልድ ሻንጣ እያዘጋጁ ነበር። ባለቤታቸው ካረፉ ሦስት ዓመት ሆኗቸዋል፤ ቤቱ ጥርግርግ ያለ ነው፣ ግን የሰው ድምፅ የለውም። ሰላምታው እንዳይጀመር ቶሎ አልኩ፦

"ጋሼ፣ ያቺን አንድ መስመር እኔ ልጻፍልዎት? የእጅ ጽሑፌ ጥሩ ነው።"

ሳቁ። "አንቺ ቆቅ!" ከዚያ ሳቁ ቆመ። መሳቢያ ከፍተው ወረቀት አሳዩኝ። ደብዳቤው! ተጽፏል፤ ተፈርሟል። ቀኑ የካቲት 5። ስድስት ሳምንት እዚያ መሳቢያ ውስጥ...

"ታዲያ ጋሼ?"

"ማስገባቱ አቃተኝ።"

ወደ ሻንጣቸው አዩ።

"ሠላሳ አንድ ዓመት አስተማርኩ። አንድ ቀን 'ይረፉ' ያለኝ ሰው የለም፣ የኔ ልጅ። ይህ ሲመጣ ጊዜ... አዲስ አበባ የልጅ ልጅ አለኝ። ሁለት ዓመቱ ነው። በስልክ ነው የማውቀው። ትንሽ አየት ላድርገውና ብዬ..."

"ልውሰድልዎት? መንገዴ ነው።"

እጃቸው መሳቢያው ላይ ነበር። ቀስ ብለው ዘጉት።

"ነገ እኔው አስገባዋለሁ።"

ነጥቄ መሮጥ ነበረብኝ? ሯጭ ነኝ፤ አይደርሱብኝም ነበር። ግን አንድ ሽማግሌ ለማያውቀው ሕፃን የገዛትን ቢጫ ሹራብ ሻንጣ ውስጥ አይቼ... እሮጣለሁ?

ረቡዕ፣ ሚያዝያ 1

ሄደዋል። ደብዳቤው አልገባም። ምርምር ቢሮ ጠይቄ አረጋገጥኩ።

ለእማዬ ስለ መሳቢያው ነገርኳት። ትጮህብኛለች ብዬ ነበር። "ሹራብ ገዝተው ነበር?" ብቻ አለች።

ረቡዕ፣ ግንቦት 20

ኖራው እስካሁን መግባት ነበረበት። ኖራውን ወረዳው የሚሰጠው በደብዳቤ ነው። ደብዳቤው የሚወጣው በዋና ተመራማሪው ፊርማ ነው። ዋና ተመራማሪው ስልክ አያነሱም። አንድ ጊዜ አነሱ፤ ከኋላ ሕፃን ይስቃል። "ስመጣ ስመጣ፣ ልጄ።"

እማዬ በሳምንቱ መጨረሻ ብቻዋን ልትጀምረው አሰበች። በምን? ኖራ የለ። ያለፈው ቅዳሜ ደግሞ መንገድ ተዘግቶ ከመናኸሪያ ተመለሰች። ለክረምት ተማሪዎችም ሁለት ኮርስ ጨምረውላታል። "አንቺ ፈቃድ ላይ አይደለሽም" አሏት።

ሰኞ፣ ሐምሌ 14

እማዬ በመጨረሻ ፈቃድ አገኘች። አንድ ቀን። ባሕር ዛፍ ለመትከል።

አምበር ስንደርስ ችግኙ ተደርድሮ ይጠብቃል። አባባ "ከሚካኤል ወዲያ ሁለት ቀን ጨመርኩልሽ" አሉ። አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻል ነበር። "ገብሱ እምቢ ካለ ምን ላድርግ? እኔም የምሸጠው ነገር ያስፈልገኛል፣ ሥራነሽ።"

እማዬ ገመድ አመጣች። በየጉድጓዱ መሃል ያለውን ርቀት በሜትር ለካች። ጭቃው ጉልበቷ ድረስ።

"ለምን ትለኪያለሽ?"

"ከተተከለ በሥርዓት ይተከላ።"

አፈሩን በእጇ እየፈረፈረች ትመልሳለች። አንድ ቦታ ላይ ጭብጥ አድርጋ ቆየች። ዝናብ ነበር፤ ፊቷ ላይ ያለው ዝናብ ይሁን አይሁን... አባባ አዩአት መሰለኝ። "ዝናቡ በርትቷል" ብለው ጀርባቸውን ሰጡን።

ስለ ሽማግሌዎች ብዙ ቀልድ አለኝ። ለዚህች ቀን የሚሆን የለኝም።

ሰኞ፣ ጳጉሜን 3

እማዬ የጥናቱን ወረቀት ሁሉ ከጠረጴዛው ላይ አነሳች። የጥሪውን መመሪያ ብቻ አስቀርታ ቁጭ ብላ አነበበች። ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው። ምን ያደርግልሻል አሁን? አላልኳትም።

ዓርብ፣ ጥቅምት 7

ምርምር ቢሮው ያለፉትን አራት ጥናቶች ሊጎበኝ ኮሚቴ ላከ። ሦስት ሰዎች። ዶክተር አካለ ወልድም ለዚሁ ከአዲስ አበባ ተመለሱ። እማዬ "ነይ" አለችኝ። ከትምህርት ቤት ቅሪ ስትለኝ የመጀመሪያዋ ነው።

አባባ ጎንበስ ብለው ተቀበሏቸው። ሰላምታው አለቀ። (ዛሬ አጭር ነበር።) የኮሚቴው ሰብሳቢ ማስታወሻቸውን አወጡ።

"የሙከራው መሬት የቱ ነው አባት?"

"የቆማችሁበት።"

ሰውየው ወደ እግራቸው አዩ። ባሕር ዛፉ እስከ ጉልበታቸው ደርሷል። በመስመር፣ በእኩል ርቀት። ሲያዩት ያምራል፤ እውነት።

"ኖራ የገባበትስ? ገብሱስ?"

ሁሉም ወደ እማዬ ዞሩ። ዶክተርም ዞሩ። "ሥራነሽ... እስቲ አስረጃቸው፣ ልጄ።" ድምፃቸው ለስላሳ ነው፤ የሚለምን ነው። አውቃለሁ ምን እንደምትል። ዝናቡ ዘግይቶ፣ መንገዱ ተዘግቶ፣ ወረዳው አዘግይቶ... ትሸፍንላቸዋለች። ዕድሜዋን ሙሉ የሠራችው እሱን አይደል? ዓይኔን ጨፈንኩ።

"ዋናው ተመራማሪ ዶክተር ናቸው" አለች። "እሳቸው ያስረዱ።"

አልጮኸችም። አንቱ ማለቷን አልተወችም።

የአባባ በሬ ሲያመሰኳ ይሰማል። ዶክተር ኮፍያቸውን አወለቁ፣ መልሰው አደረጉ። በስተመጨረሻ "ሥራው የሷ ነበር" አሉ። "ደብዳቤውን መሳቢያ ውስጥ ያስቀረሁት እኔ ነኝ።"

ሰብሳቢው ጻፉ። እየጻፉ፣ ቀና ሳይሉ ተናገሩ። ችግሩ ዝናብ ወይም መንገድ ቢሆን ያለ ቅጣት ይታለፍ ነበር፤ አሁን ግን ጥናቱ በአባል ጥፋት ተቋርጧል። መመሪያው እንደሚለው እንዲህ የተቋረጠ ጥናት አባላት በሙሉ፣ ተራ ቁጥር አንድም ሁለትም፣ ለሦስት ዓመት ጥሪ መወዳደር አይችሉም።

ሁለትም! "እሷ ምን አጠፋች?" ልል ስል እማዬ እጄን ያዘችኝ።

ዶክተር ወደ መኪናው ሲሄዱ አባባ ክንዳቸውን ደግፈው ቦዩን አሻገሯቸው።

እኛ በሚኒባስ ተመለስን። ደብረ ማርቆስ መናኸሪያ ስንወርድ ጠየቅኳት።

"ሦስት ዓመት እንደሚቀጡሽ ታውቂ ነበር?"

"ጳጉሜን ላይ አንብቤዋለሁ።"

"እናስ?"

"እናማ ተናገርኩ።"