ባለ አንድ ዓይኗ ሙሽራ

ሰኞ

ወደቅሁ። አርባ ሁለት ከመቶ። ነርስ ልሁን ባልኩ የድሮ የአውሮፓ ሥዕልና ሐውልት ምን አገባኝ? ደም የምወስድለት በሽተኛ ስለ ጣሊያን ሰዓሊ አይጠይቀኝ! ግን ኮርሱ ግዴታ ነው። ዓርብ በሚሰጠው ድጋሚ ፈተና ሰባ ካላመጣሁ የነርሲንግ ቦታዬ ለሌላ ሰው ይሰጣል።

የበለጠ ያቃጠለኝ ምክንያቱ ነው። ፈተናው ላይ የአንዲት ሴት ሥዕል ነበር፤ ወደ ጎን ዞራ አንድ ዓይኗ ብቻ ይታያል፣ አንገቷ ላይ ዕንቁ። ስለ ማንነቷ ሥዕሉ ምን ይነግረናል ይላል። ምን ያጠራጥራል? ክፉ ሴት ናት፣ የሆነ ሰው ሳትከዳ አልቀረችም ብዬ አንድ ገጽ ሞላሁ። ለካ ሙሽራ ኖራለች። ጉድ እኮ ነው።

ማክሰኞ

ኤፔክስ፣ የምሠራበት መጋዘን፤ አሥር ሰዓት የሚፈጅ ሺፍት። በንዴት ሁለት ዕቃ የተሳሳተ መደርደሪያ ላይ አስቀመጥኩ። ምሳ ላይ አብረውኝ ለሚሠሩት ለጋሽ መኮንን ነገርኳቸው። እዚህ አገር ከገቡ አርባ ዓመት ሊሞላቸው ነው፤ የቤተ ክርስቲያኑን ሥዕል ግን አልረሱም። ጻድቅ በሁለት ዓይን፣ ኃጥእ በአንድ። ይሁዳም ሰይጣንም ወደ ጎን ነው የሚሣሉት፤ እኔም በልጅነቴ ግድግዳው ሥር ቆሜ የተማርኩት ይህንኑ ነው። «ታዲያ ምን አጠፋሽ?» አሉኝ። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ፤ ማርክ ግን አይሆንም።

ረቡዕ

የቤት ሥራ፦ አንድ ካዚኖ በር ላይ የቆመ የሐውልት ቅጂ አይቶ መጻፍ። ፓርክ ለማድረግ ብቻ አርባ ደቂቃ ዞርኩ። ሰውዬው ራቁቱን ነው፤ ቱሪስቱ ሁሉ ጎኑ ቆሞ ፎቶ ይነሳል። አንገቴን ደፋሁ፤ ኋላ ምን ላድርግ፣ ቀና አልኩ። መጽሐፉ እንደሚለው ድሮ ሐውልት ግትር ብሎ ነበር የሚቆመው፤ በኋላ ክብደቱን አንድ እግሩ ላይ ጣለና ነፍስ ዘራ። ትልቁ ነገር ይኼ ነው? ሺፍት ሊያልቅ ሲል ሁላችንም የምንቆመው እኮ እንደዚያ ነው። እንደዚያው ጻፍኩት። ቢያንስ አንድ ነገር ገባኝ።

ሐሙስ

የመጨረሻው እራት። በቀደሙት ሥዕሎች ይሁዳ ከጠረጴዛው ወዲህ ለብቻው ተቀምጧል፤ ሕፃንም ያውቀዋል። የኋለኞቹ ከሌሎቹ ጋር ደባለቁት። ባለ አንድ ዓይኑን ፈለግሁ፤ ግማሾቹ ሐዋርያት ወደ ጎን ዞረዋል! መጽሐፉን ወረወርኩት።

ተነስቼ አስተማሪዋ ቢሮ ሄድኩና የአንድ ዓይኑን ነገር አወራኋት። ታዲያ ይህን ፈተናው ላይ ለምን አልጻፍሽም አለችኝ።

«ሰው ሁሉ የሚያውቀው መስሎኝ።»

ሳቀች። ማርኩን ግን አልነካችውም።

ዓርብ

ይሁዳ መጣ! ሰዓሊዎች እሱን የሚያሳዩበት መንገድ እንዴት ተለወጠ ይላል። ከእኛው ጀመርኩ። የእኛ ሰዓሊ አንድ ዓይኑን ያስቀርበታል፤ አውሮፓውያኑ መጀመሪያ ወንበሩን አራቁበት፤ በኋላ ግን ከወዳጆቹ መሃል አስቀምጠው ፈልጉና አግኙት አሉ። ስለዚህ የያንዳንዱን ፊትና እጅ ማንበብ ግድ ሆነ። ሦስት ገጽ ጻፍኩ።

ውጤቱ ከሰዓት በኋላ ስልኬ ላይ ገባ። መኪና ውስጥ ሆኜ አንድ ዓይኔን ጨፍኜ ነው ያየሁት። ሰባ ሦስት። ተመስገን፣ አለፍኩ! ለጋሽ መኮንን ስደውልላቸው «አላልኩሽም?» አሉ። ምንም አላሉኝም ነበር።

ያቺን ሙሽራ ግን እስካሁን አላመንኳትም።