አሸዋው ሲግል ና

ሲዋ፣ ሐምሌ 14
ከቀትር ሶላት በኋላ፣ ዝንብ እንኳ ጥላ ፈልጎ በተቀመጠበት ሰዓት

ለምወድህ ወንድሜ ለሐሙዳ፣

እኔ በሕይወቴ አንድ ሺህ ሰው ቀብሬ አንድም ሰው አልሞተብኝም። ይህን ሊል የሚችል ሌላ ሰው ከሲዋ እስከ አሌክሳንድሪያ ብትፈልግ አታገኝም። እሺ፣ አንድ ሺህ የሚለው ሳይበዛ አልቀረም፤ ግማሹን በሽተኛ በትኩሱ አሸዋ የቀበረው አባታችን ነው፣ እኔ አካፋ አቀባይ ነበርኩ። አንድ ወፍራም ነጋዴም ከአሸዋው ወጥቶ ድንኳኑ የገባው በገዛ እግሩ ሳይሆን በአራት ሰው ትከሻ ነው። እሱም ቢሆን ያን ዕለት ማታ የዶሮ ሾርባውን ጠጥቶ ሚስቱን ሲቆጣ ተሰምቷል፤ ስለዚህ አልሞተም።

ይህን ደብዳቤ የምጽፈው እኔው ራሴ ሰኑሲ ነኝ፤ በሰው እጅ አላስጻፍኩም። የብርዱን ወራት በሙሉ ማታ ማታ ትምህርት ቤት ተመላልሼ ከክፍሉ አንደኛ ወጣሁ። የቀሩት ተማሪዎች ጋሪ ነጂዎች ናቸው፣ አብዛኛውን ቀንም አይመጡም፤ ቢሆንም አንደኛ አንደኛ ነው። መጀመሪያ የጻፍኩት ነገር ጋሪዬ ላይ ነው፤ «የዚህ ጋሪ ባለቤት ማንበብ ይችላል» ይላል። ከዚያ ወዲህ አህያዋ ራሷ አረማመዷን አሳምራለች። መምህርት ነጃት ይህን ወረቀት በስልኳ ፎቶ አንሥታ ዛሬውኑ ትልክልሃለች። ስሕተቱን እንዳታርም አስምያታለሁ። ወረቀቱን ግን አስቀምጠዋለሁ፤ ስትመጣ በእጅህ ትይዘዋለህ።

በስልክ ለምን አልደወልኩም ብትል፣ በስልክ ብንነጋገር እኔም አንተን አላስጨርስም፣ አንተም እኔን አታስጨርስም። ወረቀት ግን አያቋርጥም።

መልእክትህ የደረሰን ባለፈው ሳምንት ነው። ባለቤቴ ሰልማ ስልኩን እንደ ትኩስ ድስት በሁለት እጇ ይዛ መጣችና «አንተ ሰውዬ፣ ቁጭ በል፤ ወንድምህ ነው» አለችኝ። ከሰባት ዓመት በኋላ ድምፅህን ሰማሁ። «ሰኑሲ፣ ሲልቪያና ልጆቹ አገሩን ማየት ይፈልጋሉ። ለመምጣት የትኛው ወቅት ይሻላል? ሲልቪያ ከጥቅምት እስከ መጋቢት ነው የሚል አንብባለች። በሐምሌና በነሐሴ ሙቀት የሚሄድ ዕብድ ብቻ ነው ይላል።» ይኸው ነው። ደህና ነህ ወይ የለ፣ እማ እንዴት ናት የለ። አልተቀየምኩም። እኔም በአንተ ቦታ ብሆን ከዚያ በላይ አይወጣኝም ነበር።

እንግዲህ ጥያቄህን እንደ አዋቂ ልመልስልህ።

የሲልቪያ ንባብ ትክክል ነው። በብርዱ ወራት ፈረንጆቹ ይመጣሉ። ቀኑ ለስላሳ ነው፣ ኮከቡ ቅርብ ነው፣ ጨው ሐይቁ ላይ ተንጋለው እየተንሳፈፉ ፎቶ ይነሣሉ። ማታ ግን የቤቶቻችን ግድግዳ ብርዱን እንደ ቂም ይዞ ያድራል። እኔም በዚያ ወቅት ሥራ ስለማይኖረኝ ቀኑን ሙሉ ሳወራ እውላለሁ፤ ሰልማ ከብርዱ ይልቅ የምትፈራው ይህን ነው። ከዚያ ነፋሱ ይነሣል። ዳቦህ ውስጥ አሸዋ፣ ጆሮህ ውስጥ አሸዋ፣ ሶላትህ ውስጥ አሸዋ። በዚያ ጊዜ የሚመጣ ቱሪስት ካለ ከአማቱ የሸሸ ነው።

ጥቅምትን ደግሞ ታውቀዋለህ። ቴምሩ ይወርዳል፣ ሙቀቱ ይሰበራል፣ ጨረቃዋ ትሞላለች፣ አገሩ ሁሉ ደክሩር ተራራ ሥር ወጥቶ አብሮ ይበላል፣ የተጣላ ይታረቃል። ለልጆችህ ከዚያ የተሻለ ወቅት የለም። ለእኔና ለአንተም የለም። ማንም «ይቅር በለኝ» ሳይል፣ ጠሪው ከተራራው ላይ «ቢስሚላህ» ሲል ሁለታችንም እጃችንን ወደ አንድ ትሪ እንሰዳለን፣ አለቀ። ጥቅምትን የመረጥከው ለልጆቹ ምቾት ብቻ እንዳልሆነ ገብቶኛል። ፊደል ሳላውቅም ያን ያህል አነብ ነበር።

ከሰባት ዓመት በፊት በዚያው ማዕድ ላይ ጠሪው ሳይጠራ ትሪውን ጥለህ ስትነሣ ምን እንደተባባልን እዚህ አልጽፍም። ፊደሉ ገና አዲሴ ነው፤ ለክፉ ነገር አላባክነውም። የሸጥከው የአባታችን የአትክልት ቦታ ግማሽም የአንተ ድርሻ ነበር። የገዛው የካይሮ ሰው አሁን የመዋኛ ገንዳ ሠርቶበታል። ከሲዋ ዝንቦች መካከል ዋና የሚችሉት በእኛ ሰፈር ያሉት ብቻ ናቸው።

ስለ ሙቀቱ ወራት ደግሞ ያነበባችሁት ሁሉ እውነት ነው። በአሁኑ ሰዓት ድመቷ መንገድ የምታቋርጠው ጥላ ከጥላ እያሰላች ነው። የበሩን መዝጊያ በጨርቅ ይዘን ነው የምንከፍተው። ሲልቪያን በዚህ ወራት ብታመጣት በሦስተኛው ቀን ትፈታሃለች፣ ዳኛውም ይፈርድላታል።

አንተ ግን በነሐሴ ና። ብቻህን። እነሱን በጥቅምት ታመጣቸዋለህ።

እማ ደህና አይደለችም። ይኸው ጻፍኩት። ከላይ ጀምሬ ይህን ቃል አህያ መፍጫ እንደምትዞር ስዞረው ነበር። ከረመዳን ወዲህ እግሯ አበጠ፣ ቀጥሎ ትንፋሿ አጠረ። ወጣቱ ሐኪም ልቧ ደክሟል አለኝ። እኔም ያው እኔ ነኝና፣ «ዶክተር፣ ለእኔ ተዋት። ሁለት ቀትር አሸዋ ውስጥ ባስተኛት በሦስተኛው አንተን ከዚህ ታባርርሃለች» አልኩት። አልሳቀም።

«አሸዋው ይገድላታል» አለኝ።

«ታዲያ መድኃኒቱ እስከ ጥቅምት ያቆይልኛል?»

መነጽሩን አውልቆ መጥረግ ጀመረ። ንጹሕ መነጽር ነበር። «ጋሼ፣ ሩቅ ያለ ልጅ ካላት እኔ ብሆን ጥቅምትን አልጠብቅም» አለኝ።

ሐሙዳ፣ የማላውቀውን ሰው ከአስዩት ድረስ ተሸክመው ያመጡልኛል፤ እቀብረዋለሁ፣ ተነሥቶ ይሄዳል። እናቴን ግን አሸዋ ውስጥ ማስተኛት አልችልም። ጠዋት ለበሽተኞቹ ጉድጓድ ስቆፍር አካፋው መሃል ላይ ይቆምብኛል። ለምን እንደሚቆም አልጽፍልህም።

ከሐኪሙ ወጥቼ በቀጥታ የጥቅምቱን እርቅ የሚመራው ሼኽ መደኒ ዘንድ ሄድኩ። ሽማግሌው እንደ ድሮው ከበሩ ሥር ተቀምጦ የወይራ ፍሬ ይቆረጥማል፤ ጥርስ ግን የለውም።

«ሼኽ፣ የእኔንና የሐሙዳን እርቅ ወደ ነሐሴ ማምጣት አይቻልም?» አልኩት።

«ጨረቃዋን ማን ያመጣታል? አንተ በጋሪህ?»

«ሁለት ሰው ብቻ እኮ ነን። አንድ ትሪ ይበቃናል።»

«ሁለት ሆናችሁ ስትጣሉ አገሩ ዓይኑን ጨፍኖ ነበር እንዴ? ማዕድ ጥሎ የተነሣ በማዕዱ ነው የሚመለሰው። ደንቡ ይኼ ነው። እኔ አላወጣሁትም፣ ላንተ ብዬም አላጥፈውም።»

«እናቴስ?»

የወይራውን ፍሬ ከአንዱ ጉንጩ ወደ ሌላው አዛወረ። «ስማ፣ ያ ወንድምህ ጤነኛ ነው?»

«ራሱ ትንሽ...»

«ራሱን አልጠየቅኩህም፤ አካሉን ነው። ለመታረቅ ለሚመጣ ሰው ደንብ አለን። ታሞ ለሚመጣ ግን ደንብ የለንም። አሸዋው የማንም አይደለም። ሂድ አሁን፣ ጥላዬን ከለልከኝ።»

ይህን መላ ያገኘሁት እኔ ነኝ። እሺ፣ ሼኹ ነው ያገኘው፤ ወገብህን ያገኘሁት ግን እኔ ነኝ። በመልእክትህ መጨረሻ ላይ ስትቀመጥ «ኧህ» ያልከውን ሰምቻለሁ። ሰው «ኧህ» ሲል የት እንደሚያመው ከድምፁ ዐውቃለሁ፤ የጉልበት አጭር ነው፣ የትከሻ በአፍንጫ ይወጣል። ያንተ ከወገብ የመጣ ነው። በጄኖቫ ወደብ የምትሸከመው ሣጥን ነው ይህን ያደረገህ። ሰልማ «ወንበሩ ነው እንጂ የጮኸው» አለችኝ። አትስማት፣ ሕክምና አታውቅም።

ስለዚህ እንዲህ እናድርግ። ለእርቅ አልመጣህም። ለእኔም አልመጣህም። ለወገብህ ነው የመጣኸው። አገሩ ቢጠይቅ «ሐሙዳ ወገቡን አሞት አሸዋ ሊገባ መጣ» እላለሁ፤ ማን ቀድሞ አንገቱን ደፋ የሚል አይኖርም። ማለዳ ተነሥቼ ጉድጓድህን እቆፍራለሁ፣ እስከ ቀትር ፀሐይ ይጠጣል፣ ከዚያ አስተኝቼ እስከ አንገትህ አሸዋ አለብስሃለሁ። ፀሐይ ፊትህን እንዳይነካው ራስህ ላይ ጥላ ይዤ እቆማለሁ። እኔ ካላወጣሁህ አትነሣም። ያን ቀን በማዕዱ ላይ እንዲህ አድርጌ ብይዝህ ይሻል ነበር።

ከአሸዋ የወጣ ሰው ደግሞ ደንቡን ታውቃለህ፤ ነፋስ አይነካውም፣ ቀዝቃዛ ነገር አይቀምስም፣ ማንም ድምፁን ከፍ አድርጎ አይናገረውም፣ አለዚያ ላቡ ወደ ውስጥ ይመለሳል ይባላል። ስለዚህ ብርድ ልብስ ተጠቅልለህ የአብሽ ሻይህን ስትጠጣ እኔ አንተን መቆጣት አይፈቀድልኝም። ምላሴን ታውቀዋለህ። ለአንተ ሕክምናው አሸዋው ነው፣ ለእኔ ይኼ ነው። ድንኳኑን በእማ ግቢ ውስጥ እተክለዋለሁ፣ ከአልጋዋ በመስኮት እንድታይህ። አንተም ታያታለህ።

የእኔ ቃል ካልበቃህ የእሷን ስማ። ዛሬ ጠዋት ጥሩ ሆና ነበር የነቃችው። ትራሷን ከፍ አድርጌላት መልእክትህን ነገርኳት።

«ሰኑሲ ልጄ» አለችኝ፣ «ሐሙዳ መቼ ልምጣ ነው የሚለው?»

«በጥቅምት፣ እማ። ለሚስቱም ለልጆቹም ያ ነው የሚስማማው።»

«እሱን የወለድኩት እኔ ነኝ ወይስ ሚስቱ? ሰኑሲ፣ መጻፍ ተማርኩ እያልክ አገር ታደነቁራለህ አይደል? እንግዲያው ጻፍለት። ቴምሩ ገና ቢጫ ሳለ ና በለው። ጥቅምት ሩቅ ነው በለው።»

እኔም ይኸው ጻፍኩልህ። የአውሮፕላኑን ቀን ብቻ ለሰልማ ላክላት። ከመርሳ መጥሩሕ አውቶቡስ ስትወርድ ከአህያዋ ጋር ቆሜ ታገኘኛለህ፤ ጋሪው ላይ የተጻፈውን አንብበህ ትስቃለህ፣ ከዚያ በኋላ ሌላውን ነገር ለመናገር አያስቸግረንም።

ለሲልቪያ፣ ላላየኋት ዋርሳዬ፣ ሰላምታዬ ይድረሳት። በጥቅምት ስትመጣ የሲዋን ኮከብ አንድ በአንድ በስሙ አሳያታለሁ፤ ስሙን የማላውቀውን አወጣለታለሁ። የልጆችህን ጉንጭ በእኔ ፈንታ ሳም። አላህ ባሕሩን ጸጥ ያድርግልህ፣ ጥላ ከራስህ አይለይ፣ በሄድክበት ሁሉ የሚከፈት ደጅ ይስጥህ። እማን ደግሞ አላህ እስክትደርስ በእጁ ይያዝልን።

ታላቅ ወንድምህ፣
ሰኑሲ (በገዛ እጁ)

ከጻፍኩ በኋላ መልሼ አነበብኩት። መምህርት ነጃት «በእስክሪብቶ የተጻፈ አይፋቅም፣ ከሥሩ ይታረማል» ትለናለች። ስለዚህ አንዷን ነገር ከሥር አርማለሁ። ሐኪሙ ያለው እንዳለ ነው፣ የሼኹም እንዳለ ነው። የእማ ንግግር ግን የእኔ ነው። እማ ዛሬ ጠዋት እንዲህ አላለችኝም። «ሰኑሲ» ብላ ከጠራችኝም ቆይታለች። በበሩ ስገባ «ሐሙዳ፣ መጣህ?» ነው የምትለኝ። መጀመሪያ ጊዜ «እኔ ሰኑሲ ነኝ፣ እማ» ብያት አለቀሰች። ከዚያ ወዲህ «አዎ፣ መጣሁ» እላታለሁ። ከትራሷ ሥር ቁራሽ ዳቦ ታወጣና «ሳትበላ ከማዕድ ለምን ተነሣህ?» ትለኛለች። ባንተ ፈንታ እቀበላታለሁ፤ እያየችኝ እበላለሁ።