የኮኪቱ ሰውዬ በመጠንና በዓይነት

ኅዳር 13፣ 75
መምህር ይርዳው ለውይይት ሸሕዲ ከተማ ተጠሩ። የካድሬዎቹ ውይይት መቼ አልቆ ያውቃል... "ስምንተኛ ክፍል ደርሰሻል፣ አራተኞቹን ያዥልኝ" አሉኝ። ትምህርቱ ስለ ምልከታ ነው። መጠናዊ ማለት የሚቆጠር፣ የሚለካ። ዓይነታዊ ማለት ቀለሙ፣ ሽታው፣ ጠባዩ።
ባፈና የምትባል ቀጭን ልጅ እጇን አወጣች። "እትየ ታንጉ፣ የቀበሌው ሊቀ መንበር 'ምርታችን እጅግ አድጓል' ያሉት የቱ ነው?"
"ዓይነታዊ።"
"ስንት ኩንታል ብለን እንጠይቃቸው?"
"እንዳትጠይቁ።"
ይሄስ በየትኛው ትምህርት ይገባል?

ኅዳር 16
ከየቤታችሁ ሁለት ምልከታ አምጡ ብዬ ነበር። ወንድሜ ደምለው ተነስቶ አነበበ። "አባየ ሲያንኮራፉ አህያው ይነቃል።" መጠናዊውስ? "አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ሲመሽ ጀምረው እስኪነጋ።"
ሙሉ ነጥብ ሰጠሁት።

ኅዳር 19
ሽማግሌ መጣ። ለእኔ...
ጓዳ ሆኜ ሰማሁ። አያ አምባው ከዘራቸውን ተደግፈው ይዘረዝራሉ። "የኮኪቱ አዛናው ጎልማሳ ነው። ከብቱ ብዙ፣ ሰሊጡ ሰፊ፣ ጠባዩ ማር።" አንድም ቁጥር የለበትም። ደምለው ጠላ ሊጨምር ሲገባ ጆሮውን ይዤ ሹክ አልኩት። ሄዶ ጠየቀ።
"አያ፣ ጎልማሳ ማለት ስንት ዓመት ነው?"
"ጣልያን ሲወጣ የተወለደ ነው፣ ልጄ።"
ደምለው በጣቱ ቆጠረ። "አርባ አንድ። አባየ፣ ከእርስዎ በሁለት ዓመት ይበልጣል።"
አባየን ትን አላቸው። "ታዲያ ልጄ ልበለው ወይስ ጋሼ?" አሉ። ሽማግሌዎቹ ሌላ ቀን እንመለስ ብለው ወጡ። ከሳቄ ብዛት ሊጡን ደፋሁት።

ኅዳር 24
ለሳቄ ይብላኝ። ትናንት ተመልሰው መጡ፣ ያውም ቁጥር ተምረው! ስልሳ ከብት። ሁለት ቆርቆሮ ቤት። ከሱዳን የመጣ አንድ ቴፕ። አባየ ራሳቸውን ነቀነቁ። "ሰው እንዲህ አጥርቶ ሲናገር ደስ ይላል። ዕድሜ እንደሆነ ለወንድ ምኑ ነው... ቁርጡን እሁድ እነግራችኋለሁ።"
በገዛ ትምህርቴ ልዳር ነው።
ዛሬ ክፍል ውስጥ ከአራተኞቹ መጂዳን ለብቻዋ ጠራኋት። አክስቷ ኮኪት የአዛናው ጎረቤት ናት፣ ነገም ከእናቷ ጋር ወደዚያ ትሄዳለች። "ሰውየውን አይተሽ ነይ። ዓይነታዊ ብቻ።" ለምን ብላ አልጠየቀችም። ልጅ ከሽማግሌ የሚሻለው በዚህ ነው።

ኅዳር 26
ሽማግሌዎቹ ሳይደርሱ መጂዳን አባየ ፊት አቆምኳት። የቤት ሥራዋን ታነባለች አልኩ። አነበበች።
"አዛናው ከእርሻ ሲመጣ የራሱ ውሻ ጭራውን እግሮቹ መሀል ከትቶ አልጋ ስር ገባ። የቀን ሠራተኞቹ ወሬ አቆሙ። እሱ ሲወጣ ውሻው ወጣ። ሠራተኞቹም ወሬ ጀመሩ።"
አባየ ወደ ልጅቷ ጠጋ አሉ። "መታው?"
"አልመታውም።"
"ጮኸበት?"
"አልጮኸም። ውሻው ዝም ብሎ ገባ።"
አባየ ቡችላችንን ሳያጎርሱ እራት የማይበሉ ሰው ናቸው። ተነስተው ደጅ ወጡ።
አያ አምባው ሲደርሱ መልሱን እዚያው በር ላይ ሰጧቸው። "የገዛ ውሻው የሚፈራው ሰው ቤት ልጄን አልሰድም።"
"በውሻ ምስክር? ስልሳ ከብት በውሻ ምስክር?"
"ውሻ ሽምግልና አይላክም፣ አያ። ስለዚህ አያጋንንም።"
አያ አምባው ይሄ አብዮት ያመጣው ነው እያሉ ሄዱ። አብዮቱ ይሄን እንኳ አልሠራም። የሠራው አራተኛ ክፍል ነው።

ታኅሣሥ 3
ከሰሊጥ ክምር ሥር ነዶ ሳቀብላቸው አባየ በድንገት ጠየቁኝ።
"ዘጠነኛ ክፍል የት ነው የሚማሩት?"
"ጎንደር።"
"ሩቅ ነው።"
አለቀልኝ አልኩ። ከክምሩ ላይ ጎንበስ አሉና፦ "ሩቅ ማለት ስንት ኪሎ ሜትር ነው?"
አላውቅም። መምህርቷ አላውቅም! አፈርኩ።
"እንግዲያው ነገ የአውቶቡሱን ሾፌር እጠይቀዋለሁ" አሉና ነዶውን ተቀበሉኝ።