«አሜን» ያልሽው ለማን ጸሎት ነው?

አስካለዬ፣ እንዴት ነሽ አልልሽም፤ ካለሽበት መልስ እንደማይመጣ አውቃለሁ። በሚያዝያ ሄድሽ፣ ይኸው መስቀልም አለፈ፣ መንፈቅሽ ደረሰ። እኔ ፊደል አልቆጠርኩምና የሚጽፍልኝ ጎረቤታችን መምህሩ ነው። ቃሌን እንዳያሳምርብኝ አስጠንቅቄዋለሁ።

ቤቱ ቆሟል። የጓሮው ኮረሪማ አፈራ፣ ግማሹን ዝንጀሮ ቀደመኝ። ቆጮውን ልጅሽ ትጋግራለች፤ እንዳንቺ አይደለም፣ ነግሬያት አኩርፋለች።

የተቀመጥኩት ግን ይህን ለማውራት አይደለም። አንድ ነገር ልቤን ሲበላኝ ከርሟል። ሆስፒታል ተኝተሽ ሳለ የምታስታምምሽ ሲስተር ነበረች፣ ያቺ ከቢታ ገነት የመጣችው ጴንጤ። ገና ከመጀመሪያው ጠርጥሬያታለሁ። መርፌ የምትወጋ ሰው «እማማ፣ ሲጨንቅዎት በምን ይጽናናሉ?» ብላ መጠየቅ ምን አገባት? የነርስነት ትምህርታቸው የበሽተኛውን መንፈስም ጠይቁ ይላል አሉኝ። ጉሉኮሱን ታስተካክል፣ የሚስቴ ነፍስ ባለቤት አላት አልኩ። ከዚያ አንድ ቀን ሾርባ ይዤ ስገባ እጇን ግንባርሽ ላይ ጭና፣ ዓይኗን ጨፍና ታነበንባለች፤ አንቺም «አሜን» አልሽ። በገዛ ጆሮዬ ሰማሁ። ልጠይቅሽ ስል አንደበትሽ ተያዘ፣ ብዙም ሳትቆዪ አረፍሽ።

ሃይማኖትሽን ለውጠሽ ከሆነ ካህናቱን አታልዬ ፍትሐት ያስደረግኩልሽ እኔ ነኝ ማለት ነው። ከጎንሽ የያዝኩት የመቃብር ቦታስ? መንፈቅሽን ሳልደግስ እውነቱን ልወቅ ብዬ ከማንኪራ ቦንጋ፣ ሆስፒታሉ ድረስ ሄድኩ።

ሲስተሯን በር ላይ ያዝኳት። ሚስቴን አሜን ያሰኘሻት ምን ብለሽ ነው አልኳት። አልደነገጠችም፤ እሱም አላማረኝም። «አባባ፣ የኔን ጸሎት አይደለም። እሳቸው ድምፃቸው ሲደክም የራሳቸውን በይልኝ ብለው አስተማሩኝ። እኔ እንደዚያ ባልጸልይም ለሳቸው አልኩላቸው» አለች።

እስቲ በይው አልኳት። ስትሳሳት ልይዛት ነበር። የእመቤታችንን ጸሎት ጀመረች። ይህማ ከየትም ይለቀማል ብዬ ቆምኩ። «ይቅርታን ለምኝልን» አለችና ትንፋሽ ሳትወስድ «ቀፏችንንም ከጉንዳን ጠብቂልን» ብላ ቀጠለች።

ይቺን ከየትኛውም መጽሐፍ አላገኘቻትም። ከተጋባን ጀምሮ ካንቺ አፍ በቀር ሰምቻት አላውቅም። ካህኑ ስንቴ ቢቆጡሽ አልተውሻትም።

ይቅርታ አልጠየቅኳትም። ለመንፈቁ ነይ ብያታለሁ። ዝክሩን አትቀምስ ይሆናል፤ ትምጣ ብቻ። እሷን አሁንም ጨርሼ አላመንኳትም፤ የማታምንበትን ጸሎት በቃሏ የያዘች ሰው ምን እንዳሰበች ማን ያውቃል? አጠገቤ አስቀምጬ አፍ አፏን አያለሁ።

አንቺን ግን ከእንግዲህ አልጠረጥርም። ቦታዬ ካንቺ ጎን ነው። እስክመጣ አልረሳሽም፤ ጸሎቱንም አንቺ እንደምትዪው ነው የምለው፣ ካህኑ እንደፈለጉ ይቆጡ።