የባለሱቁ ኮት ቁልፍ

ይድረስ ሜትር ከአንገቱ ለማይለየው አባቴ፤

አባባ፣ እንደምን ከረሙ? ወገብዎ እንዴት ነው? ዓይንዎስ፣ ክር በመርፌ ቀዳዳ ለማስገባት አሁንም ወደ መስኮቱ ዞር ይላሉ ወይስ መነጽሩን ለወጡት? እማዬስ ጉልበቷ ተሻላት? ትንሿ እህቴ ዛሬም ከአልጋ የምትወርደው ሦስት ጊዜ ተጠርታ ነው? ድመቷስ እንደ ድሮዋ ቅዳጅ ጨርቅ ላይ ተጋድማ ደንበኛ ትገላምጣለች? እኔ ተመስገን፣ ደህና ነኝ። በወጉ እበላለሁ፣ በወጉ እተኛለሁ። ናፍቆቱን ግን እስካሁን መድኃኒት አላገኘሁለትም።

ይህን ወረቀት ሲያዩ “ስልክ እያለ ምን ነካት?” እንደሚሉ አውቃለሁ። ስልክማ አለ። ግን እኔ ስደውል “ደህና ነሽ? ደህና” ብለው ለእማዬ ያቀብሏታል። አራት ዓመት እንዲህ አለፈ። በስምዎ የመጣ ደብዳቤ ግን ለማንም አሳልፈው አይሰጡም፤ የመብራት ቢል እንኳ መነጽር አድርገው ከላይ እስከ ታች ያነቡ የለ! ስለዚህ በእጄ ጻፍኩ። ፊደሌ እንደተንጋደደ ይታየኛል፤ ጣቴ መጫን ለምዶ መጻፍ ረስቷል። ብቻ ሳይውሉ ሳያድሩ ያንብቡት፤ የሚያስቸኩል ነገር አለበት።

ስለ ሥራዬ ነግሬዎት አላውቅም፤ እርስዎም ጠይቀውኝ አያውቁም። ሻንጣዬን በዘጋሁበት ጠዋት “የማይዳሰስ ነገር ሰፍተሽ ማን ሊለብሰው ነው? ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ” አሉኝ። እኔም አፌ አላርፍ ብሎ “የሚዳሰሰውንስ ማን እያሰፋው ነው?” አልኩ። ሱቁ ስንት ቀን ያለ ደንበኛ እንደዋለ እያወቅሁ ነው ያልኩት። እርስዎ መቀሱን አንስተው ጨርቅ መቅደድ ጀመሩ። ያቺ ቃል ከአፌ ከወጣች ጀምሮ ታንገበግበኛለች። ይቅር ይበሉኝ፤ ይህን ለማለት አራት ዓመት መፍጀቴንም ጭምር።

ሥራዬ እንዲህ ነው። ኮምፒውተር ውስጥ ያለ አንድ ዓለም አለ። ሰዎች ከያሉበት እየገቡ ቤት ይሠሩበታል፣ ዛፍ ይተክሉበታል፣ ይገበያዩበታል። እኔ የገባሁት በአሥራ አምስት ዓመቴ፣ እርስዎ ልብስ ከሚቆርጡበት ጠረጴዛ ጎን ባለችው አሮጌ ኮምፒውተር ነበር። እዚያ የምጠራበትን ስም “መርፌ” አልኩት፤ ከዚያች ሱቅ ሌላ ምን ስም አውቃለሁ? ወንዝ ዳር ቤት ሠራሁ፣ ዙሪያውን ፍራፍሬ ተከልኩ። ሳድግ ዓለሙን የሚያስተዳድረው ድርጅት ራሱ ቀጠረኝ፤ ኮምፒውተሯን በ“መርፌ” ስም እንደተከፈተች እዚያው ትቻት መጣሁ። አሁን ይህን ሁሉ ማብራራቴ ለቀባሪው አረዱት ነው፤ ለምን እንዳልኩ ግን ትንሽ ይታገሱኝ።

ቢሯችን ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። በደህናው ጊዜ ሃያ ሰው የሚሠራበት ረጅም ክፍል ነበር ይላሉ። አሁን የቀረነው ሦስት ነን፤ እኔ፣ አለቃችንና ሥዕል የሚሠራው ብሩሽ የምንለው ሰውዬ። የሄዱት ሰዎች ወንበሮች ግድግዳ ተደግፈው እርስ በርስ የሚያወሩ ይመስላሉ። ከሰዓት በኋላ ፀሐይ በመስኮቱ ገብታ በባዶዎቹ ጠረጴዛዎች ላይ ቀስ እያለች ታልፋለች፤ እኔም አንዳንዴ ነቅቼ ይሁን ተኝቼ ይምታታብኛል። ዓለማችን አርጅቷል፤ ሕዝቡ ወደ አዳዲሶቹ ሄዷል። ባለቤቶቹም በሚያዝያ ወር የመጨረሻው ቅዳሜ ማታ ይዘጋ ብለዋል። እስከዚያ ድረስ ማንም ምንም ነገር እንዳይቀይር አለቃችን በጥብቅ አዛለች። እርስዎም ደንበኛ ሊረከበው በተቃረበ ልብስ ላይ መቀስ አይዞርም ይሉ የለ፤ እንደዚያው ነው።

የእኔ ድርሻ አቤቱታ መቀበል ነው። ከወር በፊት አንድ አቤቱታ ደረሰኝ። የላኪው ስም “መርፌ” ይላል። የራሴ ስም! ክው አልኩ። ሌባ ገብቶ ቤቴን ወስዶታል ብዬ መለያውን ልቆልፈው እጄን ሰነዘርኩ። እንዲያው እግዜር ሲለኝ፣ ከመቆለፌ በፊት ጽሑፉን አነበብኩት። ቃል በቃል እነሆ፤

“ለሚመለከተው ክፍል። ከወንዙ ማዶ ያለውን ባለሱቅ ከሦስት ዓመት በላይ በየቀኑ በአክብሮት ሰላም ስለው ቆይቻለሁ። አንድ ቀን እንኳ መልሶ ሰላም ብሎኝ አያውቅም። ምን ልስጥህ ይላል እንጂ። ነጋዴ እንዲህ አይሆንም። በተጨማሪም የኮቱ ቁልፎች በግራ በኩል ተተክለዋል። የወንድ ኮት ቁልፍ በቀኝ ነው። የሰፋው ሰው ይጠየቅልኝ። ከሰላምታ ጋር።”

አባባ፣ እጄን አፌ ላይ ጫንኩ። ሣቅሁ፤ ቀጥሎ ሆድ ባሰኝና አለቀስኩ። ባለሱቁ ሰው አይደለም፤ የተነገረውን ብቻ የሚል ማሽን ነው። ለማሽን ሦስት ዓመት ሙሉ “ደህና ዋልክ ወይ” የሚል፣ በዚያ ላይ የኮት ቁልፍ የሚቆጥር ከእርስዎ በቀር በዓለም ላይ ማን አለ?

አቤቱታውን አትሜ ለብሩሽ ወሰድኩለት። ብሩሽ ስሕተቱን በቀላሉ የሚያምን ሰው አይደለም። ስክሪኑ ላይ ተለጥፎ ቆየና ነገሩን ነገረኝ። ድሮ ሥራ ሲበዛበት አንዱን ምስል ይሠራና እንደ መስታወት ገልብጦ ለሌላው ይጠቀምበት ነበር። ባለሱቁን ሲገለብጠው ኮቱም አብሮ ተገለበጠ። አሥራ አንድ ዓመት ስንት ሺህ ሰው ከዚያ ባለሱቅ ሲገዛ ኖሮ ያየ የለም። “ይሄን ያየው ሰውዬ ምን ቢሆን ነው?” አለኝ። “አባቴ ነው፤ ልብስ ሰፊ ነው” አልኩት። በዚያ ቢሮ ውስጥ ስለ እርስዎ ሳወራ የመጀመሪያዬ ነበር፤ ለምን እስከዚያ ቀን እንዳልተናገርኩ እኔም አላውቅም።

ከዚያ ወደ ቤቴ ሄጄ ለማየት ፈራሁ። በዚያ ዓለም ዛፍ ሳምንት ውሃ ካላገኘ ይደርቃል፤ እኔ ደግሞ አራት ዓመት አልረገጥኩትም። ምድረ በዳ ሆኖ ይጠብቀኛል ብዬ ገባሁ። ሠራተኞች ሳንታይ መግባት እንችላለን፤ እንደ ነፋስ ማለት ነው። ግቢው አረንጓዴ ነበር። እኔ የተከልኳቸው ስድስቱ ዛፎች ጣራውን አልፈዋል፤ በመካከላቸው ደግሞ እኔ የማላውቃቸው ሌሎች ዛፎች በአንድ መሥመር ቆመዋል። መሥመሩ ቀጥ ማለቱ የእርስዎን የጨርቅ ጠርዝ ዝምዝማት መስሎኝ ቆሜ ቀረሁ።

በማግስቱ፣ እናንተ ዘንድ ስድስት ሰዓት ሲሆን፣ ሱቁ ጭር በሚልበት ጊዜ ጠበቅሁዎት። መጡ። ይቅር ይበሉኝ፣ ሳልታይ ተከተልኩዎት። እንዴት ቀስ ብለው ይሄዳሉ! ሁሉም በሚሮጥበት አገር እርስዎ ብቻ የመንገዱን ዳር ይዘው ይራመዳሉ። ከአንድ ዛፍ ጋር ተጋጩና “ይቅርታ” ብለው ጻፉለት። ውሃውን ለእያንዳንዱ ግንድ ሁለት ሁለት ጊዜ አጠጡ። ከዚያ ደጃፉ ላይ ቁጭ ብለው ወንዙን ተመለከቱ። እዚያ ፀሐይ በአርባ ደቂቃ ወጥታ ትጠልቃለች፤ እርስዎ ምሳ በሚበሉበት ሰዓት ውስጥ አንድ ቀን ይመሻል፣ ሌላው ይነጋል። እኔም ከጎንዎ ተቀመጥኩ። ውሃው ቀላ፣ ጠቆረ፣ እንደገና ነጣ። ልጅ ሆኜ እርስዎ የስፌት መኪናውን ሲነዱ ከእግርዎ ሥር እንቅልፍ ይዞኝ ይሄድ የለ? ልክ እንደዚያ ሰውነቴ ቀለለኝ፤ ለስንት ቀን እንደተቀመጥን አላውቅም።

አንድ ነገር ግን እንቅልፍ ነሣኝ። ዓለሙ እንደሚዘጋ ማስታወቂያ የተለጠፈው አደባባዩ ላይ ነው፤ እርስዎ ደግሞ ከቤት ወደ ሱቅ፣ ከሱቅ ወደ ቤት ነው እንጂ አደባባይ ደርሰው አያውቁም። አንድ እሑድ ኮምፒውተሯን ሲከፍቱ ጨለማ ይጠብቅዎታል። ቤቱ በእኔ ስም ነው። በሩን ልጄ ናት የዘጋችብኝ ይላሉ፤ ከአራት ዓመት ዝምታ በኋላ ሌላ ምን ሊሉ ይችላሉ? እዚያው ውስጥ ልነግርዎት አስቤ ነበር፤ አየሩ ድንገት አባባ ቢልዎት ደንግጠው ይወጣሉ ብዬ ተውኩት። እውነቱን ለመናገር ደግሞ አፈርኩ።

እና ብሩሽና እኔ ሕግ ጣስን። እሱ ቁልፎቹን አዞራቸው፤ እኔ ለባለሱቁ ሰላምታ ጻፍኩለት። አለቃችን ደርሳበት ጠራችን። አቤቱታውን አስነበብኳት። ሁለት ጊዜ አነበበችው፣ ከዚያ የራሷን ኮት ጎንበስ ብላ አየችና “በሉ፣ የተነካ ተነክቷል፤ ከእንግዲህ ግን እጃችሁን ሰብስቡ” አለችን።

ትናንት ስድስት ሰዓት ላይ ከባለሱቁ ጎን ቆሜ ነበር። እርስዎ መጥተው እንደ ልማድዎ “ደህና ዋልክ?” አሉት። “ደህና ዋሉ ጌታዬ፣ ተመስገን። ቤተሰብ ደህና ነው? ልጆችስ?” አለዎት። ፀሐይዋ እስክትጠልቅ ድረስ አልተንቀሳቀሱም፤ የወጡ መስሎኝ ነበር። በኋላ ሁለቱ ጣቶችዎ ፊደል እየለቀሙ ይህን ጻፉ፤ “ኮትህ ተስተካክሏል፣ እንኳን ደስ ያለህ። ልጆች ደህና ናቸው። ትልቋ ሩቅ ናት። እሷም እንደኔ ሰፊ ናት። ይህን ወንዝ የሰፋችው እሷ ናት።”

አባባ፣ ወንዙን የሠራው ብሩሽ ነው። እኔ አቤቱታ ነው የምቀበለው። ግን ላርምዎት ጉልበት አልነበረኝም፤ ስክሪኑን በሁለት እጄ ይዤ ቀረሁ።

ከዚያ ችግኝ ገዙ። ፍሬ ለመስጠት ሦስት ወር የሚፈጅ ችግኝ። ይህን ደብዳቤ ዛሬውኑ ያስጻፈኝ እሱ ነው፤ ያ ዓለም ሦስት ወር የለውም።

ችግኙን ይትከሉት፣ ግድ የለም። በሚያዝያ የመጨረሻው ቅዳሜ ግን ስድስት ሰዓት ላይ ደጃፉ ላይ ቁጭ ብለው ይጠብቁኝ። ያን ቀን ሳልደበቅ እመጣለሁ፤ ኮት ለብሼ። የሴት ኮት ስለሆነ ቁልፉ በግራ ነው፤ ሌላ እንከን ካለው ይናገሩ። ማታ እስኪዘጋ ቁጭ ብለን የመጨረሻዋን ጀምበር አብረን እናያለን። ከዚያ በኋላ የሃያ ቀን ፈቃድ አለኝ። ትኬቱን የምቆርጠው እርስዎ ነይ ካሉኝ ነው። ካሉኝ፣ የሚዳሰስ ችግኝ ይዤ እመጣለሁና ከሱቁ በር ላይ ቦታ ይያዙልኝ።

እማዬን ጉልበቷን እያሸሁ ነው በህልሜ የማያት ይበሉልኝ። ለትንሿ፣ ኮምፒውተሯን እንዴት እንደሚከፍቱ ማን እንዳስተማረዎት ገብቶኛል ይበሏት፤ ምስጢር ስትጠብቅ የመጀመሪያዋ ስለሆነ አልቆጣም። ከሱቁ ፊት ለፊት ላለው ለጫማ ሠሪው ጋሼ ሰላምታዬን ያድርሱልኝ፤ ያደሰልኝ ጫማ እስካሁን አልከዳኝም። ድመቷንም ከጨርቁ ላይ ሳያስነሷት ጀርባዋን ዳበስ ያድርጉልኝ።

ቅዳሜ ዕለት ታዲያ “ደህና ነሽ?” ብለው ሲጠይቁኝ ረጅም መልስ ነው ያለኝ። እዚያ ስልኩን የሚያቀብሏት እማዬ የለችም።

ልጅዎ

ከሦስተኛው ፎቅ፣ ከመስኮቱ አጠገብ
መጋቢት ፱ ቀን