ጠበል የገባበት ታንከር

ረቡዕ

እትዬ ይመኙሻል ቁልፉን ከእጄ መንጭቀው ጉያቸው ውስጥ ከተቱት። የአሠሪዬ የጋሼ ምትኩ እናት ናቸው። “አንተ አረመኔ! ጠበል ከሰገራ ጋር ልታስመጥጥ?”

ጋሼ ለቱሪስት የሚያከራያት፣ አልጋም ሽንት ቤትም ያላት ካምፐር መኪና አለችው። ባለፈው ሰሞን እናቱን ጉልበታቸውን ስላመማቸው በእሷ ጠበል ወሰድናቸው። ሰው ፊት አልጠመቅም ስላሉ የንጹሁን ውሃ ታንከር ጠበል ሞላንላቸውና እዚያው ውስጥ ተጠመቁ። ከመታጠቢያውም ከሽንት ቤቱም የሚወርደው ግን ከሥር ያለው አንድ ታንከር ውስጥ ነው የሚጠራቀመው። ዛሬ እንደ ወትሮው መጣጭ መኪና ልጠራ ስል ተያዝኩ። ሽንት ቤቱን ሲጠቀሙበት የሰነበቱት ራሳቸው ናቸው እኮ! ማን ይናገራል?

ሐሙስ

የእትዬ የንስሐ አባት መጡ። አፍንጫቸውን በነጠላቸው ይዘው ካምፐሯን ዞሯትና ፈረዱ፦ የሰው እግር በማይረግጠው ቦታ ጉድጓድ ተቆፍሮ ይቀበር። እትዬም ቁልፉን መለሱልኝ።

ጎንደር ውስጥ እግር የማይረግጠው ቦታ ከየት ይምጣ? ጋሼ ሳቀብኝ። “እስከ ቅዳሜ ካልጸዳች የእሁዱን ሽማግሌነት እርሳው” አለ። ድብ ባሕር ሄዶ ዝናሽን ከአባቷ የሚለምንልኝ ሌላ ሰው እንደሌለኝ ያውቃል። ስለሚያውቅ ነው የሚጫወትብኝ።

ሲጨንቀኝ ለዝናሽ ደወልኩ። ከማሳቸው ዳር ድንጋያማ ጥግ አላቸው። አባቷ አያ ደሴ ስልኩን ተቀበሏት። “ጠበል የነካው ውሃ ነው፤ እግር በማይረግጠው ቦታ ቅበሩ ተብለን ነው” አልኳቸው። አልዋሸሁም። ሽንት ቤቱን ብቻ ነው ያላነሳሁት።

“ሸጋ ነው! በረከት ደጄ ድረስ ሲመጣ ምነው እንቢ እላለሁ?” አሉ።

ዓርብ

እጄ ተልጧል። ከማሳቸው ጥግ ጉድጓዱን ቆፍሬ የማፍሰሻውን ጎማ ስገጥም አያ ደሴ ነጭ ለብሰው፣ ቢጫ ጄሪካን ይዘው መጡ። ዓይናቸውን ያማቸዋል ለካ።

መዝጊያውን ሳብኩት። መጀመሪያ የወረደው ሰማያዊ ነው። ታንከሩ ውስጥ የሚጨመር ሽታ ማጥፊያ የፈረንጅ መድኃኒት ነው፤ ሳሙና ሳሙና ይላል።

“ምነው ቀለም ያዘ?”

“የመኪናዋ መድኃኒት ነው” አልኩ።

ጄሪካኑን ሞሉ። ከዚያ በእፍኛቸው ተቀብለው ዓይናቸውን መታጠብ ጀመሩ። ተዉ ልላቸው አፌን ከፈትኩ፣ እሁድን አሰብኩና ዘጋሁት። እዚህ እንኳ እውነቱን ልጻፍ፦ ሳቄም መጥቶ ነበር።

ወዲያው ዋናው ጉድ፣ ሰገራው መጣ። መዝጊያውን ልመልሰው ብል ነክሶ አልዘጋ አለኝ፤ ተረጨባቸው። ጫማቸው፣ ጋቢያቸው፣ ሁሉም አንድ ሆነ። አያ ደሴ ፊታቸውን ባልቆሸሸው የጋቢያቸው ጫፍ ጠረጉ፣ ጄሪካኑን ከደኑና ይዘውት ገቡ። ቢደበድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

ቅዳሜ

ዝናሽ ስልክ አታነሳም።

ታንከሩን ሳጥብ ዋልኩ። ሙቅ ውሃና የዱቄት ሳሙና ሞልቼ ዳገት ቁልቁለቱን ነዳኋት፣ ውስጡ እንዲንገጫገጭ። አስመጠጥኩ፣ ደግሜ ሞላሁ፣ ደግሜ ነዳሁ። በመጨረሻ ጥርት ያለ ውሃ ወጣ። ይህችን ሙያዬን ማንም አይወስድብኝም።

የትናንቱን ስነግረው ጋሼ እንባው እስኪመጣ ሳቀ። እኔ ግን ሽታው ከአፍንጫዬ አልወጣ ብሎኛል። ምግቡም፣ ትራሱም፣ እጄም እሱን እሱን ይላል። እህል አልቀመስኩም።

እሁድ

ልማዱ ልጁ ሽማግሌ ልኮ ቤቱ መቅረት ነው። ሾፌሩም እኔው ስለሆንኩ ሄድኩ፣ ደጅ መኪናው ውስጥ ቁጭ አልኩ። ብዙም ሳይቆይ “ይግባ” ተባለ።

መሀል ቤት ቢጫው ጄሪካን ተቀምጧል። አያ ደሴ፣ ቃል ከመስጠቴ በፊት ከዚህ ጠበል ቅመሱልኝ ብለው ኖሯል። ጠበል ደግሞ እህል ሳይቀመስ ነው የሚጠጣ። ጋሼ ላብ አጥምቆት “ቁርስ በልቻለሁ” አለ። አብረውት የመጡት ሁለቱ ሽማግሎችም እንደዚያው። በመንገድ የዓርቡ ነገር እንዴት ሲያስቃቸው እንደነበር!

“አንተስ በልተሃል?” አሉኝ አያ ደሴ።

በልቻለሁ ማለት እችል ነበር። ዝናሽ የጓዳው በር ላይ ቆማ ታየኛለች።

“አልበላሁም።”

በጣሳ ሞልተው ሰጡኝ። ሽታው ከጣሳው ቀድሞ መጣብኝ። ዓይኔን ጨፍኜ፣ ትንፋሼን ይዤ ጠጣሁት።

“ጨርሰው እንጂ።”

ጨረስኩት።

“ልጄን ሰጥቻለሁ” አሉ።

ሽማግሎቹ ተነሥተው እጅ ነሱ። እኔ ከቤቱ ጀርባ ሮጬ ጣቴን ጉሮሮዬ ውስጥ ከተትኩ።

ሰኞ

ሌሊቱን ሙሉ ሆዴን ሳዳምጥ አደርኩ። ምንም የለም። ጠዋት ዝናሽ ደወለች።

“ሆድህ እንዴት አደረ?”

“እየጠበቅኩት ነው።”

ሳቀች። “ዓርብ ማታ ነው የደፋሁት። ጄሪካኑን በበረኪና አጥቤ የቧንቧ ውሃ ሞላሁበት። አባቴ እስካሁን አያውቅም፤ እንዳትነግረው።”

የቧንቧ ውሃ! ያ ሁሉ ሽታ የራሴ አፍንጫ ነው ማለት ነው።

“ታዲያ ምነው በዓይንሽ እንኳ ብትጠቅሺኝ?”

“ስትጠጣው ላይህ ነዋ። አባቴ ዓይኑን ሲታጠብበት አንተ ቆመህ አይተኸው የለ?”

 ስልኩን ዘጋችብኝ።

እፎይ ብያለሁ፤ አልታመምኩም፣ እሷም የእኔ ናት። ግን ከአባቷ ይልቅ እሷን ነው የፈራሁት። ከሠርጉ በኋላ ውሃ ስታቀብለኝ አስቀድማ ራሷ ትቅመስልኝ ብል ትቀየመኝ ይሆን?